የሁለት ቀኑ ሥልጠና፦ አንዱን ቀን ግዙ፣ አንዱን ተዉት

"የተነሳሽነትና የሥራ ፈጠራ ሥልጠና" የሚለውን ማስታወቂያ ባሕር ዳር ውስጥ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ላይ ተለጥፏል። ቴሌግራም ላይ ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል። አንድ ባጃጅ ጀርባ ላይም አይቼዋለሁ። መሄዴን የሰሙ ሰዎች "እንዴት ነው? ብሩን ያወጣል?" እያሉ ስለጠየቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አጭሩ መልስ፦ የመጀመሪያው ቀን አያወጣም። ሁለተኛው ቀን ያወጣል፣ ይተርፋልም። የአዘጋጁን ስም ግን አልጠራም። ቅሬታዬ ለአንድ ድርጅት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ሥልጠና አሁን የትም አለ።

መጀመሪያ ማን እንደሚያወራችሁ እወቁ። ጣና ገበያ አካባቢ ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ክረምት ላይ ዩኒፎርም፣ ጥርና ሚያዝያ ላይ የሠርግ ልብስ፣ በመሀል ደግሞ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ሥራው አይሞትም፣ ግን አያድግም። ቤት ኪራይ ከፍዬ፣ ለልጆቹ ከፍዬ፣ እቁቤን ጥዬ የሚተርፈኝ ከዓመት ዓመት ያው ነው። ስለዚህ የሄድኩት "ተነሺ" የሚለኝ ሰው ፈልጌ አይደለም። እኔማ ጎሕ ሲቀድ ተነስቻለሁ። የፈለግሁት ከተነሳሁ በኋላ ወዴት ልሂድ የሚለውን ነው።

ዋጋው 2,000 ብር ነው። ለሁለት ቀን፣ ምሳና ሻይ ቡና ጨምሮ። ሰርተፍኬትም አለው። በላዩ ላይ ሱቅ ተዘግቶ የሚውልበትን ቀን ጨምሩበት። አዘጋጆች ይህን ሁለተኛ ወጪ አያስቡትም። ደመወዝተኛ ሥልጠና ሲሄድ አበል ይታሰብለታል። ነጋዴ ሲሄድ ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ ይገባል።

አዳራሹ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ውስጥ ነው። መስኮቱ ሙሉ ጣና ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ለፕሮጀክተሩ ሲባል መጋረጃው ተዘግቶ ዋለ። የመጋቢት ሙቀት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ቬንትሌተሩ ደግሞ መድረኩን ብቻ ነው የሚያናፍሰው። ምሳው ሁዳዴ ስለነበር በየዓይነቱ ነው። ሽሮው ግሩም፣ ጎመኑ ጨው የበዛበት። አሳ ለምን እንዳልቀረበ አንዱ ጠየቀና ክርክር ተነሳ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እኔ ለካህናት ትቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን አሠልጣኝ ወጣት ነው። ኮቱ ትከሻው ላይ በደንብ ተቀምጧል። ሱሪው ግን ሁለት ጣት ይረዝማል፤ አምጣው ብዬ ላሳጥርለት ነበር። ማይክ ይዞ ሲገባ ሙዚቃ ተለቀቀ። ሁላችንም ተነስተን አጨበጨብን። ከዚያ "ጎናችሁ ወዳለው ሰው ዙሩና 'አንተ ነብር ነህ!' በሉት" አለ። ከጎኔ የተቀመጡት ጋቢያቸውን ያጣፉ እህል ነጋዴ አባት ናቸው። ሰባ ሳይሞላቸው አይቀርም። ምን ላድርግ? "እርስዎ ነብር ነዎት" አልኳቸው። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አንቺም" አሉኝ። ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥ አድርገን ተቀመጥን።

ቀኑ በዚህ መልክ ሄደ። ዓይን ጨፍኖ የወደፊት መኪናን ማየት አለ። "እችላለሁ" ብሎ መጮህ አለ። ስለ ኃይሌ ገብረሥላሴ ረጅም ታሪክ አለ። ኃይሌን እኔም እወዳለሁ። ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው የጮኸ ጎረቤት ሁሉ ትዝ ይለኛል። ግን አሠልጣኙ ታሪኩን የተረከው ኃይሌ "እችላለሁ" ስላለ ብቻ ያሸነፈ አስመስሎ ነው። ልጅ ሆኖ አሰላ አካባቢ ከቤት ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ የነበረው የት ሄደ? ከአትላንታ እስከ ሲድኒ ያሉት አራት የልምምድ ዓመታትስ? ቴርጋትም እኮ እችላለሁ ብሎ ነው የመጣው።

ይህን ስል ሞቅታ ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ቤቱ ይሞቃል፣ ሰው ይሳሳቃል፣ የማይተዋወቅ ይተዋወቃል። ብቸኛ ነጋዴ ለሆነ ሰው ይሄም ነገር ነው። ግን ሞቅታው የከሰል ካውያ ነው፤ ፍሙን የሚጨምር ከሌለ ሸሚዙ ሳያልቅ ይቀዘቅዛል። እኔ ጊሽ ዓባይ ሰፈር ደርሼ ከባጃጅ ስወርድ ነብርነቴ አልነበረም። ሱቁ ጋ ስደርስ መብራት ጠፍቶ ልጆቹ በር ላይ ተቀምጠዋል። የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን፣ ኦቨርሎኩ፣ ቆሟል። "እችላለሁ" ብዬ ብጮህበት ይነሳ ይሆን?

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥያቄና መልስ ነበር። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ የሚመላለስ አንድ የባጃጅ ባለቤት ተነሳ። ባጃጁን በብድር ነው የገዛው። ብድሩን ከአብቁተ፣ ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ነው አለና፣ ቆይ አሁን ጸደይ ባንክ ነው ብሎ ራሱን አረመ። ሁላችንም የድሮ ስሙ ነው አፋችን ላይ የሚቀድመው። ችግሩ ቤንዚን ነው። ሰልፍ ላይ የሚያድርበት ቀን አለ። መልሱ ምን ሆነ? "ስኬታማ ሰው ሰበብ አያበዛም!" ቤቱ አጨበጨበ። ልጁ ተቀመጠ።

ቀጥላ አሳ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ተነሳች። በሐይቁ ላይ እምቦጭ የሚባለው አረም ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ነገረችው። አሳ አጥማጆቹ መረቡ እምቦጭ ውስጥ ይያዝባቸዋል። ርቀው መሄድ አለባቸው። ዋጋው እሷ ጋ ሲደርስ ይንራል። ለእሷም ያችኑ መልስ ሰጣት። ሰበብ።

ኧረ ባክህ! ችግር ችግር ነው። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ጣቃ ጨርቅ ከአዲስ አበባ አልመጣልኝም። ያን ጊዜ ያጣሁት ጨርቅ ነው እንጂ ተነሳሽነት አይደለም። ሰውን የሚያነሳሳ ሰው መጀመሪያ የሰውየውን ችግር ማመን አለበት። አለዚያ ሰውየው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሥራው አልሄደለትም፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ልብ ነው ተባለ።

የቀኑ መዝጊያ "ደመወዝ ባርነት ነው፣ ነገ ልቀቁ" የሚል ነበር። ከፊቴ የተቀመጠች አስተማሪ ይህን ደብተሯ ላይ ስትጽፈው አየሁ። ዳቦ ለመጋገር ታስባለች። ምጣድ የላትም፣ ዱቄት የምትገዛበት የላትም፣ ያላት ደመወዟ ብቻ ነው። እሱን ልቀቂ የሚላት ሰው የወር ኪራይዋን አይከፍልላትም። በመውጫው በር ላይ የራሱ መጽሐፍ ይሸጥ ነበር። አልገዛሁም።

ሁለተኛውን ቀን ልቀር ነበር። የሄድኩት የከፈልኩት ብር ስላንገበገበኝ ነው።

ሁለተኛዋ አሠልጣኝ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ሙዚቃ የለም። ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው መጋረጃውን መክፈት ነው። ለዚህ ብቻ ግማሽ ነጥብ ሰጥቻታለሁ። እህል ነጋዴውን "አባቴ፣ ወደ መስኮቱ ቢጠጉ ነፋስ ያገኛሉ" አለቻቸው። ሁላችንንም "እናንተ" እያለች ነው የምታስተምረው።

ከዚያ አንድ ባዶ የውሃ ኮዳ መሀል ላይ አቆመች። ከገመድ የተሠሩ ቀለበቶች ሰጠችን። "ኮዳው አንገት ላይ ጣሉ። ከየት እንደምትጥሉ እናንተው ምረጡ" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

መጀመሪያ ቀን ከሁሉ በላይ ይጮህ የነበረ አንድ ወጣት ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ። ሁሉንም ሳተ። እየሳቀ ተመለሰ። ከዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ከፖሊ፣ የተመረቀ ሌላ ልጅ ኮዳው አናት ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አጠለቀ። ሁሉም ገባለት፣ ማንም አላጨበጨበለትም። የአሳ ነጋዴዋ መጣች። መሀል ላይ ቆመች። ሳተች። አንድ እርምጃ ቀረበች። ገባላት። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። ገባላት። እንደገና ወደ ኋላ። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ምላሷን ጥርሷ ላይ ነክሳ፣ ቀለበቱ እስኪያልቅ ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

አሠልጣኟ ከዚህ በኋላ ነው ያስረዳችን። ጨዋታው የዴቪድ ማክሌላንድ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ሰውን ከሚያንቀሳቅሱት ፍላጎቶች ሦስቱን ለይቶ ብዙ አጥንቷል፤ አንድን ነገር አሳክቶ የማየት ፍላጎት፣ ከሰው ጋር የመዋደድ ፍላጎት፣ ሰው ላይ ተሰሚነት የማግኘት ፍላጎት። የመጀመሪያው የበረታበት ሰው ቀለበት ሲሰጡት በጣም አይቀርብም፣ በጣምም አይርቅም። ቅርብ ቆሞ ቢያስገባ ስለ ራሱ ምንም አያውቅም። ሩቅ ቆሞ ቢያስገባ ዕድል ነው። መሀል ላይ ግን ውጤቱ የእጁ ነው። ሲስት ለምን እንደሳተ ያውቃል። ሲያገባም ያውቃል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ውጤቱን ቶሎ ማወቅ ይፈልጋል። ገንዘቡንም ቢሆን ከምንም በላይ የሠራው ሥራ መለኪያ አድርጎ ነው የሚያየው።

እኔ እዚህ ላይ ነው ደብተሬን የከፈትኩት። ምክንያቱም ኮዳው አናት ላይ የቆመው ልጅ የእኔ ሱቅ ነው። ዚፕ መቀየር መቼም አይስተኝም። ዚፕ ቀይሬ ግን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ማክሌላንድ ይህ ፍላጎት ከእናት ሆድ ብቻ ይዘነው የምንመጣው ነገር ነው አላለም። ሊዳብር ይችላል ብሎ በ1960ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሕንድ ውስጥ ካኪናዳ በምትባል ከተማ ነጋዴዎችን ሰብስቦ አሠልጥኗል። የተባበሩት መንግሥታት ኤምፕሬቴክ የሚለው የሥልጠና ፕሮግራም በእሱ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። እኛ አገርም በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ይህንኑ ይዞ ነው የተነሳው። አሠልጣኟ የመጣችው ከዚያ መንገድ ነው። ወሬዋ ሁሉ "አደረግሁ፣ አየሁ፣ ለወጥሁ" ነው። "አምናለሁ" አይበዛባትም።

ከሻይ በፊት ወረቀት ሰጠችን። "ሥራችሁን ለምን ጀመራችሁ? እውነቱን ጻፉ፣ ስም አይጻፍ" አለች። ሰብስባ አነበበችው። አብዛኛው "ሌላ ሥራ ስላጣሁ" ነው። "ልጆቼን ለማስተማር" አለ። "ሀብታም ለመሆን" አለ። አንዱ "ባለቤቴ ስለጨቀጨቀችኝ" ብሎ ጽፏል፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቸግሮት የጀመረውን ዕድል አይቶ ከጀመረው ዝቅ አላደረገችውም። "በምን ምክንያት እንደገባችሁ የገባችሁበትን ቀን ነው የሚያስረዳው። ዛሬ ምን ያቆያችኋል?" አለች። ለእኔ ከሁለቱ ቀን ሁሉ ይህች ጥያቄ ትበልጣለች። ብዙዎቻችን ሆዳችን አስነስቶናል። ሆዳችን ሲሞላ ግን የሚያስነሳን ነገር አላዘጋጀንም። ኪራይ ከተከፈለ፣ እቁብ ከተጣለ፣ በቃ። እዚያው ላይ እንቆማለን።

ከሰዓት በኋላ የቶጎን ታሪክ ነገረችን። ቤት ገብቼ በስልኬ ፈልጌ አነበብኩት፣ ልክ ነው። ተመራማሪዎች ሎሜ ከተማ ውስጥ 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎችን ወስደው ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን የተለመደውን የንግድ ሥልጠና ወሰደ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ገበያ፣ ሠራተኛ አስተዳደር። ሌላው የወሰደው በራስ ተነሳሽነት ላይ ያተኮረውን ነው። ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። ከሁለት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ምንም ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ በለጠ። ሴቶቹ ለብቻቸው ሲታዩ 40 በመቶ ነው። የተለመደውን የወሰዱት 11 በመቶ ብልጫ ታየባቸው፣ ግን ይህ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ስለሚችል በእርግጠኝነት ውጤት ነው አይባልም። ጥናቱ በፈረንጆቹ 2017 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል።

አያችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን አሠልጣኝ ይህን ቢሰማ "ይኸው! ሞቲቬሽን ያሸንፋል!" ብሎ ይጮህ ነበር። ግን እዚያ የሠለጠኑት ጩኸት አይደለም። ሦስት ነገር ነው። ሳይነግሩህ መጀመር። ነገ የሚመጣውን ዛሬ ማሰብ። ሲሰናከል በሌላ መንገድ መሞከር። አራት ሳምንት 36 ሰዓት ተማሩ። ከዚያ አሠልጣኙ ለአራት ወር በየወሩ ሱቃቸው ድረስ እየሄደ አብሯቸው ሠራ። ሱቃቸው ድረስ! ደግሞ ይህ ሒሳብ መያዝ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ዱቤ የማይጽፍ ነጋዴ ሲከስር በዓይኔ አይቻለሁ። ሒሳቡ ብቻውን አያራምድም ነው ነገሩ።

ከቶጎዎቹ አንዷ የሙሽራ ቀሚስ ታከራይ የነበረች ሴት ናት። ከሥልጠናው በኋላ ከቀሚሱ ጋር የሚሄዱትን ጓንትና የመሳሰሉትን ትንንሽ ነገሮች ራሷ መሸጥ ጀመረች። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እኔ ጋ ዩኒፎርም ለማሰፋት የመጣ ወላጅ ሁሉ "ሹራቡንስ?" ይለኛል። እኔም ጣቴን ቀስሬ ወደ ሌላ ሱቅ እልካለሁ። ለዚያ ሱቅ ስንት ደንበኛ እንደላክሁለት እግዜር ይወቀው። በዓል መጥቶ አንድ ሻይ እንኳ አልጋበዘኝም።

የቀኑ የመጨረሻ ሥራ አንድ ነገር መጻፍ ነበር። "ሕልማችሁን አይደለም፣ ማክሰኞ ጠዋት የምታደርጉትን ጻፉ" አለች። መሀል ላይ የሚገኝ ርቀት። በወር ውስጥ ተሳካ አልተሳካ የሚታወቅ። ሰው ፊት አነበብን። ሩቅ የሆነውን "ቅረብ" ትለናለች። ቀላል የሆነውን "ራቅ በል" ትለናለች። አስተማሪዋ "ሥራ መልቀቅ" ብላ ጽፋ ነበር። "ደመወዝሽን ያዢና ቅዳሜ ለጎረቤት ሃያ ዳቦ ሽጪ" አለቻት። የባጃጁን ልጅ ስለ ቤንዚኑ ጠየቀችው፣ አዳመጠችው። "ቤንዚኑን አንተ አትፈታውም። ሰልፍ ላይ የምትውልበትን ሰዓት ግን ምን ትሠራበታለህ?" አለችው። መልስ አልነበረውም። እሷም አልጫነችውም። እህል ነጋዴው አባት "እኔ ካሁን ወዲያ ምን እጽፋለሁ፣ ለልጄ ሱቁን ማስረከብ ነው" አሉ። "እሱም ቀን ይቆረጥለት" አለቻቸው። ቆረጡለት። ልጁ ያውቅ ይሆን?

የአሳ ነጋዴዋ የጻፈችው ይገርማል። የአሳውን ጭንቅላትና አጥንት እስከዛሬ ትጥል ነበር። ማታ ማታ ሾርባ ሠርታ ለፖሊ ተማሪዎች ልትሸጥ ነው። በኩባያ። እኔ እንደሰማሁት ጀምራለች። ገና አልቀመስኩትም፣ ስቀምሰው እሱንም እጽፍላችኋለሁ።

የእኔ ይኸውላችሁ። ሁልጊዜ ነሐሴ ላይ ወላጅ እስኪመጣ ሱቄ ውስጥ እጠብቃለሁ። ያኔ ከተማው ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ይሰፋል፣ የጨርቅ ዋጋ ይወጣል፣ ልጆቹ ሌሊቱን ያድራሉ። የጻፍኩት "ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ናሙና ሰፍቼ ለርዕሰ መምህራን አሳያለሁ" የሚል ነው። ናሙናውን ሰፋሁ፣ ሄድኩ። አንዱ ጥበቃ በር ላይ መለሰኝ። አንዷ ርዕሰ መምህር ግን ስፌቱን ገልብጣ ገበሩን አይታ "የእጥፋቱን ትርፍ ጨምሪበት፣ ልጆች ያድጋሉ" አለችኝ። ጨምሬ ልመለስ ነው። ትዕዛዝ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም። ግን ከሱቅ ወጥቼ ማንም ሳይጠራኝ መሄዴ ራሱ እግሬን ቀላል አድርጎልኛል። ከሹራብ ሠሪዋም ጋር እየተነጋገርን ነው። በዋጋ አልተስማማንም፣ እንስማማለን።

እንግዲህ ተነሳሽነት ነጋዴን ያሳድገዋል ወይ ለሚለኝ፣ አዎ፣ ግን በመጀመሪያው ቀን የሸጡልን ዓይነቱ አይደለም። ሥራ ውስጥ ገብቶ፣ ለክቶ፣ ውጤቱን አይቶ የሚመጣው ነው። ይህ ደግሞ መብራትና ቤንዚን አይተካም፣ ብድርም አይከፍልም። ተነሳሽነቱ ያለው ሰው ግን እነዚህ ሲጎድሉ ቀጥሎ የሚሞክረውን ያገኛል፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልመለስ፣ ቅሬታዬን ሳልጨርስ አልዘጋም።

ዋናው ጉድለት ክትትል የለም። ቶጎ ላይ አሠልጣኙ ሱቅ ድረስ ሄዷል። እኛን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጨመሩን። ግሩፑ ጠዋት ጠዋት አበባ የተሳለበት "መልካም ቀን" ይልካል። አንዳንዴ የአንበሳ ፎቶ። "ማክሰኞ እናደርጋለን ብላችሁ የጻፋችሁት ምን ደረሰ?" ብሎ የጠየቀ የለም። የአሳ ነጋዴዋና እኔ ግን ስልክ ተለዋውጠን ነበር፣ እሷ ትጠይቀኛለች። ይሄን ማዘጋጀት ምን ያህል ከባድ ነበር? ሰውን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመር እኮ ወጪ የለውም።

ሌላው፣ ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ደረሰኝ አንድም ቃል የለም። ማስታወቂያው ላይ "ሙሉ የሥራ ፈጠራ ዕውቀት" ይላል። ሙሉ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ገና ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያላወጡ ልጆች ነበሩ፣ ከማን ይጠይቁ?

ሰርተፍኬቱ የአባቴን ስም አሳስቶ መጣ። "እናስተካክላለን" ብለው ወሰዱት፣ እየጠበቅሁ ነው። ሱቄ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ስላልሆነ ብዙ አላሳሰበኝም። ሥራ ፍለጋ ሲቪው ላይ ለሚያስገባ ተመራቂ ግን ቁም ነገር ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለመጀመሪያው ቀን ከአምስት አንድ፣ እሱም ለሽሮው። ለሁለተኛው አራት። አምስት ያልሰጠሁት በክትትሉ ምክንያት ነው፣ ጥፋቱም የእሷ አይመስለኝም።

ማን ይሂድ? ሥራ የጀመረና እንደኔ አንድ ቦታ የቆመ ሰው ይሂድ። ገና ያልጀመረ ተመራቂም ሁለተኛው ቀን ይጠቅመዋል። ዕዳ ውስጥ ያለ ሰው ግን 2,000 ብሩን ለዚህ አያውጣ። ሰው ሰብስቦ በኮዳና በገመድ ቀለበት መጫወት ቤትም ይቻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ማን እንደሚያሠለጥን፣ ራሱ ነግዶ ያውቅ እንደሆነ፣ ከሥልጠናው በኋላ ሱቃችሁ ድረስ የሚመጣ ሰው እንዳለ ጠይቁ። የመጨረሻውን ስትጠይቁ ስልኩን የምታነሳው ልጅ ትንሽ ዝም ትላለች፣ አትደንግጡ።

ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው ተብሏል። ሁለተኛውን ቀን ብቻ ከፍሎ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቄ ነበር። "እናስብበታለን" አሉኝ። ብዙ ሰው ከጠየቃቸው ያስቡበት ይሆናል፣ እባካችሁ ደውሉ።